የዩኒቨርሲቲ ጥራትን ከአንድ ስራ ጀምሮ ማሻሻል፦ ደረጃ በደረጃ

ይሄ መመሪያ ለዲፓርትመንት ሄዶች፣ ለዲኖች፣ ሬጅስትራር ውስጥ ለምትሰሩና "የጥራት ፎካል ፐርሰን ሆነው ተመድበዋል" የሚል ደብዳቤ ለደረሳችሁ ሁሉ ነው። ዋናው ሀሳቤ አንድ ነው፣ ጥራት ከስትራቴጂክ ፕላንና ከኮሚቴ አይጀመርም፣ ተማሪው በየሴሚስተሩ ከሚንገላታበት አንድ ስራ ነው መጀመር ያለበት። ያንን ስራ በቁጥር አይታችሁ ካስተካከላችሁት ሁለተኛው ይቀላል፣ መጀመሪያ ሃምሳ ገጽ ሰነድ ልጻፍ ካላችሁ ግን ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ተማሪውም እዛው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሙከራው ለኛ ሀገር አዲስ አይደለም። ቢፒአር (የስራ ሂደትን ከስር መሰረቱ መቀየር) ነበረ፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ካይዘን፣ ስራን በትንሽ በትንሹ ሁሌ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ጋም ደረሰ፣ በመሀል አንድ ለአምስት ተደራጀን። ሁሉም ውስጥ የሚጠቅም ሀሳብ ነበረ እኮ፣ ችግሩ አብዛኛው ከላይ በደብዳቤ ወረደ፣ ከታች ለሪፖርት ፍጆታ ተሞላ፣ ስራውን በእጁ የሚሰራው ሰው ግን ስራውን የመቀየር ስልጣን አላገኘም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቡ "ይሄን እንኳን ሰምተነዋል" የምትሉት ነገር ይኖራል፣ ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

መርሆቹን ቶሎ እንያቸው። አይኤስኦ 9001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አመራር ደረጃ የቆመባቸው ሰባት ናቸው፦ ደንበኛ ላይ ማተኮር፣ አመራር፣ የሰራተኛ ተሳትፎ፣ ስራን እንደ ሂደት ማየት፣ ሁሌ ማሻሻል፣ በመረጃ መወሰን፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ያለን ግንኙነት በአግባቡ መያዝ። ለትምህርት ተቋማት ብቻ የተዘጋጀው አይኤስኦ 21001 ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አሜሪካ ውስጥ የዊስኮንሲን ስታውት ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. የማልኮም ባልድሪጅን የጥራት ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ ስለዚህ ይሄ ነገር የፋብሪካ ብቻ ነው የሚባለው አያስኬድም።

"ተማሪ ደንበኛ ነው ካልክማ ግሬድ ልንሸጥለት ነው" የሚል መምህር ሁሌም ይኖራል፣ ስጋቱም ትክክለኛ ስጋት ነው። መልሱ ቀላል ነው። ተማሪው ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ሲመጣ ተገልጋይ ነው፣ በሰዓቱና በክብር ሊስተናገድ ይገባል፣ ክፍል ውስጥ ግን መማሩ የራሱም ስራ ነው፣ ግሬዱን የሚያገኘው ሰርቶ ነው። ከሱ ጀርባ ደግሞ ነገ የሚያክመው ታካሚ፣ የሚያስተምረው ልጅ፣ የሚቀጥረው መስሪያ ቤት አለ፣ እነሱም የኛን ስራ ይቀበላሉ። ለተማሪው ብላችሁ ያልሰራበትን ግሬድ ብትሰጡት የምትጎዱት እነዚህን ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ስራ ምረጡ

ምርጫችሁ አራት ነገር ያሟላ፦ ብዙ ተማሪ የሚነካ፣ በየሴሚስተሩ የሚደጋገም፣ በናንተ ስልጣን ስር ያለ፣ የሚቆጠር። ግሬድ ማስገባት፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ክሊራንስ፣ የቴሲስ አድቫይዘር ምደባ፣ ለአድ እና ድሮፕ (ኮርስ ለመጨመርና ለመጣል) የሚደረገው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ፣ እነዚህ ሁሉ ያሟላሉ። የመምህራን ደሞዝ፣ የዶርም ውሃ፣ የበጀት ማነስ አያሟሉም፣ ቀላል ችግሮች ስለሆኑ አይደለም፣ የዲፓርትመንት ቡድን እነሱን ይዞ ከተነሳ ሴሚስተሩ በስብሰባ አልቆ ምንም ሳይነካ ሰው ተስፋ ስለሚቆርጥ ነው። እነሱን በሌላ መድረክ ታገሉላቸው።

እኔ እዚህ ለማሳያ የምይዘው የግሬድ መዘግየትን ነው። ስንት ልጅ ነው ኤንጂ (ግሬድ ያልገባለት የሚል ምልክት) ተሰቅሎበት፣ ያለፈውን ኮርስ ማለፍ የሚጠይቀውን ቀጣይ ኮርስ መመዝገብ አቅቶት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር እስኪጋመስ ያለፈውን ውጤቱን ሳያውቅ የሚማረው። አካዳሚክ ዲስሚሳል (በውጤት ማነስ መባረር) የደረሰበት ልጅ ሁለት ወር ከተማረ በኋላ ውጤትህ አልበቃም ሲባል ማየት ያማል፣ ቤተሰብ ደግሞ ለዛ ሁለት ወር ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ከፍሏል።

ደረጃ 2፦ ትንሽ ቡድን፣ ግልጽ ቃል

አምስት ስድስት ሰው ይበቃል፦ ሁለት መምህራን፣ አንዱ ብዙ ሴክሽን የሚያስተምር ቢሆን ጥሩ ነው፣ የዲፓርትመንቷ ጸሀፊ፣ ከሬጅስትራር ዳታ የሚያስገባ ሰው፣ የተማሪ ተወካይ፣ ሄዱ። ጸሀፊዋን እንዳትረሷት፣ የትኛው ወረቀት የት ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደሚያድር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዛ ዲኑ በጽሁፍ አንድ ነገር ይፈርም፣ በዚህ ስራ የሚሰበሰበው መረጃ ለማንም የስራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም፣ ማንም አይቀጣበትም። ይሄ ፎርማሊቲ አይደለም። የጥራት አመራር ሊቁ አሜሪካዊ ዴሚንግ ካስቀመጣቸው 14 ነጥቦች አንዱ ከመስሪያ ቤት ፍርሃትን አስወጡ የሚል ነው፣ እኛ ጋ ግምገማ የሚባለው ነገር ሰው ላይ የተወውን ጠባሳ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይሄ ነጥብ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የሚፈራ ሰው ቀኑን አስተካክሎ ይጽፋል፣ ቀኑ ከተስተካከለ ደግሞ የሚለካ ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ ሂደቱን እንዳለ ሳሉት

ሌጂስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እውነት የሚሆነውን ነው። ፍሊፕ ቻርት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አንድ ኮርስ ምረጡና የፈተናውን ወረቀት ከመፈተኛ ክፍል ጀምራችሁ ተከተሉት። ተማሪው ተፈተነ፣ ወረቀቱ መምህሩ ቢሮ ሄደ፣ መምህሩ እዛው ሳምንት ሌላ ፈተና ኢንቪጅሌት እያደረገ ስለሆነ ወረቀቱ ተቀመጠ፣ ታረመ፣ ሚዱና አሳይመንቱ ኤክሴል ላይ ተደመረ፣ ሲስተም ላይ ገባ፣ ኔትዎርክ ተቋረጠ፣ እንደገና ገባ፣ ፕሪንት ተደርጎ ተፈረመ፣ የዲፓርትመንት ካውንስል እስኪሰበሰብ ጠበቀ፣ ካውንስሉ ኮረም ስላልሞላ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ፣ ጸደቀ፣ ዲኑ ስልጠና ስለወጡ ፊርማ ጠበቀ፣ ሬጅስትራር ደረሰ፣ አንድ ተማሪ አይዲ ቁጥሩ ተሳስቶ ስለነበር ሙሉው ሺት ተመለሰ።

እያንዳንዱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፣ የሚጠበቅበትን ቦታ በቀይ አድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ነገር የሚሰራበት ሰዓት ጥቂት መሆኑንና የሚጠበቅበት ቀን ብዙ መሆኑን ነው። ካይዘን ሙዳ ብሎ ከሚጠራቸው ብክነቶች አንዱ ይሄ መጠበቅ ነው።

ደረጃ 4፦ ለኩት

ለእያንዳንዱ ኮርስ አምስት ቀን መዝግቡ፦ የተፈተኑበት፣ ታርሞ ያለቀበት፣ ሲስተም ላይ የገባበት፣ ዲፓርትመንት ያጸደቀበት፣ ተማሪው ያየበት። ያለፈው ሴሚስተር መረጃ ከተገኘ እሱን፣ ካልተገኘ ከአሁኑ ጀምሩ። አንድ የኤክሴል ሺት ይበቃል፣ ሶፍትዌር እስኪገዛ አትጠብቁ።

አቨሬጅ ብቻ እንዳታዩ። ለምሳሌ ዲፓርትመንቱ 40 ኮርስ አለው እንበል፣ 32ቱ በ12 ቀን አለቁ፣ ስምንቱ ግን 45 ቀን ወሰዱ። አቨሬጁ 19 ቀን ገደማ ሊሆን ነው ማለት ነው፣ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ብዙም አይከፋም፣ ተማሪው ግን አንድ ኮርሱ እስካልገባ ድረስ ሴሚስተሩ አልተዘጋለትም። እና ስምንቱን ነጥላችሁ እዩዋቸው፣ ምን ያመሳስላቸዋል? ከሌላ ዲፓርትመንት በሚመጣ መምህር የሚሰጡ ናቸው? የፓርት ታይም መምህር ናቸው? ሴክሽናቸው የበዛ ነው? ብዙውን ጊዜ መዘግየቱ ሁሉም ጋ የተበተነ ሳይሆን ሁለት ሶስት ቦታ የተከማቸ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ይሄ ደግሞ መልካም ዜና ነው፣ ስራው ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ለምን ብላችሁ ቆፍሩ

አምስት ጊዜ ለምን ማለት የሚባለው ዘዴ እዚህ ጋ ነው የሚሰራው፣ ግን "ማነው ያዘገየው" ወደሚለው እንዳይዞር ተጠንቀቁ። አንዱን እንከተል። ግሬዱ ለምን ዘገየ? እርማቱ ስላላለቀ። እርማቱ ለምን አላለቀም? መምህሯ አራት ሴክሽን ይዛ 240 የኢሴይ ወረቀት ብቻዋን ስለምታርም። ለምን አራት ሴክሽን? ሎድ (የማስተማር ጫና) ሲከፋፈል ክሬዲት አወር ብቻ ስለሚቆጠር፣ የተማሪ ብዛት ስለማይታይ። ለምን አይታይም? ሎድ የሚከፋፈለው ሴሚስተሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ ሴክሽን በሴክሽን ለመነጋገር ጊዜ የለም። ለምን ቀናት ሲቀሩት? የተማሪ ቁጥር ከሬጅስትራር የሚመጣው ያኔ ስለሆነ።

አያችሁ፣ መጀመሪያ ላይ የመምህሯ ስንፍና የመሰለው ነገር መጨረሻው ሬጅስትራርና ዲፓርትመንቱ መሀል ያለ የመረጃ ልውውጥ ሆነ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብትጽፉላት ኖሮ በሚቀጥለው ሴሚስተር ያው ይደገም ነበር፣ ምናልባትም እሷ ሌላ ስራ ፈልጋ ትሄድና ሴክሽኖቹ ለሌላ ሰው ይተላለፉ ነበር።

ከዚህ የሚወጡት መፍትሄዎች በአብዛኛው ብር አይጠይቁም። ሬጅስትራር የሚጠበቀውን የተማሪ ቁጥር አራት ሳምንት ቀድሞ በግምትም ቢሆን ይስጥ። ሎድ ሲከፋፈል የሚታረም ወረቀት ብዛት አብሮ ይጻፍ። አንድ ኮርስ የሚያስተምሩ መምህራን ጥያቄ ተከፋፍለው ያርሙ፣ አንዱ ጥያቄ 1ን የሁሉንም ሴክሽን፣ ሌላው ጥያቄ 2ን፣ እንዲህ ሲሆን ይፈጥናል ብቻ ሳይሆን ሴክሽን ኤ የደረሰው ልጅና ሴክሽን ዲ የደረሰው ልጅ በአንድ ሚዛን ይታያሉ። ካውንስሉ ኮረም ካልሞላለት በውክልና የሚያጸድቁ ሁለት ሰዎች ቀድመው ይሰየሙ። የአይዲ ስህተት እንዳይኖር የማርክ ሊስቱ ቴምፕሌት በቀጥታ ከሬጅስትራር ይውረድ፣ መምህሩ ስም እየጻፈ አይደክም።

ደረጃ 6፦ በአንድ ባች ሞክሩት

ማቀድ፣ መስራት፣ ማየት፣ ማስተካከል፣ ይቺ ዑደት የጥራት አመራር ልቡ ናት፣ ግን አብዛኞቻችን "ማየት" የምትለዋን እንዘላታለን። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ግምታችሁን በጽሁፍ አስቀምጡ፣ "የሁለተኛ አመት ተማሪዎች ኮርሶች ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ ይገባሉ" ብላችሁ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቁጥሩን አጠገቡ ጻፉ። ከሰራ አንድ ገጽ የአሰራር ቅደም ተከተል ጻፉና ሁሉም ባች ላይ አውሉት፣ አንድ ገጽ ብያለሁ፣ ማን ምን በስንት ቀን የሚል ሰንጠረዥ። ካልሰራ የትኛው ግምታችን ነው የተሳሳተው ብላችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፣ ማንም ላይ ጣት ሳትቀስሩ።

ደረጃ 7፦ አሁን ወደ ክፍል ግቡ

ግሬድ በሰዓቱ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ግሬዱ ራሱ እውነት ይናገራል ወይ የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ተጀመረ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላዩ ተፈታኝ አላለፈም። ብዙ ዲፓርትመንት የሰጠው መልስ የመጨረሻ አመት ላይ ቱቶሪያል መደርደር ነው። ቱቶሪያሉ ልጆቹን ሊረዳ ይችላል፣ እኔ አልቃወምም፣ ግን ክፍተቱ የተፈጠረው ሁለተኛና ሶስተኛ አመት ላይ ነው፣ መስተካከልም ያለበት እዛው ነው።

እንዴት? መጀመሪያ ሞክ ኤግዛም (የኤግዚቱ መለማመጃ ፈተና) ስትሰጡ ድምሩን ብቻ ሳይሆን በኮርስ በኮርስ ነጥላችሁ መዝግቡ። ከዛ የእያንዳንዱን ተማሪ የኮርስ ግሬድና በዛ ኮርስ ዙሪያ ሞኩ ላይ ያገኘውን ጎን ለጎን አድርጉ። ኮስት አካውንቲንግ ኤ ያገኙ ልጆች ሞኩ ላይ የኮስት ጥያቄዎችን ግማሹን እንኳን ካልመለሱ ወይ የኮርሱ ፈተና ቀላል ነበር ወይ ትምህርቱ ተሸምድዶ ተረስቷል፣ ሁለቱም መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ የኮርሱን ፈተና ክፈቱ። ብሉፕሪንት (የፈተናው እቅድ ሰንጠረዥ) ስሩለት፣ በአንድ ጎን ምዕራፎቹ፣ በሌላ ጎን ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን። ፕሮሰስ ኮስቲንግ የሚባለው የኮስት አካውንቲንግ ምዕራፍ ከ16 ሳምንት 4ቱን ከወሰደ ከ40 ጥያቄ ወደ 10 ገደማ ሊደርሰው ይገባል፣ ያለፈውን ፋይናል ስትቆጥሩ 2 ብቻ ካገኛችሁና ሁለቱም "ምን ማለት ነው" የሚሉ ከሆኑ ልጁ ለምን ማስላት እንዳልቻለ ገባችሁ ማለት ነው።

ከፈተና በኋላ ደግሞ አይተም አናሊሲስ (እያንዳንዱን ጥያቄ በውጤት መፈተሽ) ስሩ፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ስሌቱ ቀላል ነው። 60 ተማሪ ተፈተነ እንበል፣ በውጤት ከላይ ያሉትን 16 ልጆችና ከታች ያሉትን 16 ልጆች ወረቀት ለዩ፣ እንደዛ የሚሆነው በተለምዶ 27 ከመቶ ስለሚወሰድ ነው። አንድ ጥያቄን ከላዮቹ 12፣ ከታቾቹ 5 ልጆች ካገኙት ልዩነቱ 7 ነው፣ ለ16 ሲካፈል 0.44 ገደማ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሚያውቅና የማያውቅ ይለያል። ከ0.2 በታች ከሆነ ጥያቄውን እንደገና እዩት። ኔጋቲቭ ከመጣ፣ ማለትም ደካሞቹ አግኝተውት ጎበዞቹ ከሳቱት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን አረጋግጡ፣ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ተሳስቷል ወይም ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። ይሄን ሁለት ሴሚስተር ካደረጋችሁ የተፈተሹ ጥያቄዎች ባንክ ይኖራችኋል፣ መምህር ሲለቅ እውቀቱ አብሮት አይሄድም።

የተማሪ ግምገማም አለ። ሴሚስተር መጨረሻ ላይ የሚሞላው ፎርም ለሞላው ልጅ ምንም አይጠቅመውም፣ ኮርሱ አልቋል። አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ስም ሳይጻፍ፣ ሶስት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጠይቁ፦ ምን እየረዳህ ነው፣ ምን እያስቸገረህ ነው፣ አንድ ነገር ብንቀይር ምን ይሁን። ዋናው ነገር በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መልስ መስጠት ነው፣ "ስላይዱ ይፈጥናል ብላችኋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቦርድ ላይ እሰራለሁ፣ ፈተናው ይቅለል ያላችሁትን ግን አልቀበልም፣ ምክንያቱም..." ብሎ በግልጽ። መልስ ያገኘ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ከልቡ ይጽፋል።

ደረጃ 8፦ የሚመጣላችሁን ተማሪ እወቁ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ተጀምሯል። ይሄ ማለት ፍሬሽማን ክፍል የሚገባው ልጅ ይሄን ይሄን ያውቃል ብሎ መጀመር አይቻልም። በመጀመሪያው ሳምንት ግሬድ የሌለው የሂሳብና የእንግሊዝኛ ዲያግኖስቲክ ፈተና ስጡ፣ ውጤቱን ለሚያስተምሩት ሁሉ አካፍሉ። "ከታች ሳይማሩ መጡ" ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ምኑን እንዳልተማሩ በቁጥር ካላወቃችሁ ምንም ልታደርጉበት አትችሉም። በሌላው ጫፍ ኢንተርንሺፕ የሚቀበሏችሁን ድርጅቶች በአመት አንዴ ጠርታችሁ ልጆቻችን ምን ጎደላቸው ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሱፐርቫይዘሩ የሚላከውን ምልክት የሚደረግበት ፎርም ሳይሆን ቁጭ ብሎ ማውራቱን ነው የምላችሁ።

ተማሪው የሚሰራበትን ቦታም አትርሱ፣ ላቦራቶሪና ስቶር ላይ የካይዘን 5ቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ቶሎ ውጤት ያሳያሉ፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ተለይቶ ሲወጣና እቃው ቦታ ቦታው ሲይዝ የላብ ሰዓቱ ፍለጋ ላይ አያልቅም። ማዝለቅ የምትለዋ ናት ሁሌ የምትወድቀው፣ ለላብ ቴክኒሺያኑ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ካልሰጣችሁት አይዘልቅም።

ደረጃ 9፦ የራስ ግምገማውን በዚሁ መረጃ ሙሉት

በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ከተቋቋመ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች በአስር የትኩረት መስኮች ራሳቸውን ሲገመግሙ ቆይተዋል፣ ዛሬ ስራው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን እጅ ነው። ብዙ ቦታ ኦዲት ሊመጣ ወር ሲቀረው ቀን ከሌት ሰነድ ይዘጋጃል። ከላይ ያሉትን ሰንጠረዦች በየሴሚስተሩ ከያዛችሁ ግን ስለ ማስተማርና ምዘና፣ ስለ ተማሪ ድጋፍ፣ ስለ ውስጥ ጥራት ማረጋገጫ የሚጠየቀው ማስረጃ እጃችሁ ላይ አለ። አይኤስኦ ሰርተፍኬት ካማራችሁም ከዚህ በኋላ አስቡት፣ ከዚህ በፊት አይደለም።

ደረጃ 10፦ ሰው ሲቀየር እንዳይፈርስ

ይሄኛው ነው ብዙ ጥሩ ስራ የሚያጠፋው። ሄዱ ጊዜውን ይጨርሳል፣ ፒኤችዲ ያገኛል፣ ዲኑ ይነሳል፣ አዲሱ መጥቶ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከሰው ላፕቶፕ ይውጡ፣ በዲፓርትመንቱ ኢሜይል በተከፈተ ድራይቭ ይቀመጡ፣ ግራፉ ደግሞ ሰራተኛ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በየሁለት ሳምንቱ እዛው ግራፍ ፊት ቆማችሁ ሰላሳ ደቂቃ ተነጋገሩ፣ አጀንዳው ሶስት ነው፣ ቁጥሩ ምን ይላል፣ ምን ሞከርን፣ ቀጥሎ ማን ምን ያደርጋል። የቃለ ጉባኤው ርዝመት ከግማሽ ገጽ አይለፍ።

ከላይ ያለው አመራር ደግሞ በወር አንዴ ወርዶ ይይ፣ ፕሬዝዳንቱ ወይም አካዳሚክ ምክትሉ ሶስት ቁጥር ብቻ ይጠይቁ፦ ግሬድ በስንት ቀን፣ ትራንስክሪፕት በስንት ቀን፣ የሞክ ውጤት በኮርስ። መጥተው "ከናንተ አቅም በላይ የሆነው የቱ ነው" ብለው ጠይቀው አንዱን ቢፈቱ፣ የዲኑን ፊርማ በውክልና እንዲሆን መፍቀድ የመሰለ ትንሽ ነገር እንኳን ቢሆን፣ ከአስር ስልጠና በላይ ሰው ያነሳሳል።

ሄድነት ስታስረክቡ ቁልፍና ማህተም ብቻ እንዳታስረክቡ፣ አንድ ገጹን የአሰራር ቅደም ተከተል፣ የኤክሴል ሺቱን፣ የጥያቄ ባንኩን፣ ሞክረን ያልሰራውን ዝርዝር ከነምክንያቱ አያይዛችሁ አስፈርሙ። ለተተኪው ደግሞ የመጀመሪያውን ስብሰባ አብራችሁት ቁሙ። ሁለተኛውን ስራ፣ እንበል ትራንስክሪፕቱን፣ የሚመርጠው እሱ ይሁን፣ ከደረጃ 1 ጀምሮ።